ሰላምታ የበላው ዓይኔ

ጉዳዩ በጠቅላላው ያስወጣኝ ይሄ ነው፦ ግራ ዓይኔ ሙሉ በሙሉ፣ የቀኝ ዓይኔ ዙሪያው፣ ሦስት የባጃጅ መስታወት፣ አንድ ሙክት በግ፣ እና የሃያ ዓመት ባልንጀራዬ ለአንድ ክረምት። የዓይን ጠብታውን አልጨመርኩትም፤ እሱ እስክሞት የሚቀጥል ስለሆነ ከቤት ኪራይ ጋር ነው የምመድበው። ከተዘረዘሩት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ በጉ ነው። ምክንያቱን ስትደርሱበት ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።

አሰላ እህል ተራ ውስጥ ገብስ እየገዛሁ የምሸጥ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ የቀረውን ትምህርት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጨረስኩ። የገብስ ነጋዴን የሚያበላው ዓይኑ ነው። ሲናር የሚባል አረም አለ፤ ከገብሱ ጋር አብሮ በቅሎ፣ አብሮ ታጭዶ፣ አብሮ ተወቅቶ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ፍሬው ቀጠን ያለ ገብስ ይመስላል። ለብቅል የሚገዙን ሰዎች ሲናር ከበዛበት መኪናውን ከነጭነቱ ይመልሱታል። እኔ ሲናርን በመለየት ስም ያወጣሁ ነበርኩ። እፍኝ ገብስ መዳፌ ላይ ዘርግቼ አንዴ ካየሁት ይበቃኝ ነበር። ገበሬዎቹ «ያ ሰውዬ ሳይመጣ ሽጠን እንሂድ» ይባባሉ እንደነበር ሰምቻለሁ። ይሄን የማወራው ለጉራ ብቻ አይደለም። ጉራም አለበት፤ ግን በኋላ ጉድ የሠራኝ ይሄው ስሜ ስለሆነ ነው።

ዓይኔ ሲሄድ አልነገረኝም። ሕመም የለም፣ መቅላት የለም፣ ማልቀስ የለም። መሃሉ ጥርት እንዳለ ዙሪያው ብቻ ቀስ እያለ ሄደ። የጎደለ ነገር ያለም አይመስል፤ የማታየውን ነገር አለማየትህን በምን ታውቃለህ? ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ሰው ነበር። ሦስት የባጃጅ መስታወት በትከሻዬ ሰብሬ ሦስቱንም ሹፌሮች የሰደብኩት እኔው ነኝ። አንድ ቀን ከጋሪ ፈረስ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተገጣጥመን «ይሄ ፈረስ ባለቤት የለውም እንዴ!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቱ ልጓሙን እንደያዘ አጠገቤ ቆሞ ኖሯል።

«አለው፣ ጌታዬ» አለኝ። «አንተስ አለህ ወይ?»

ከመስታወቱም ከፈረሱም የከፋው ግን ሰላምታው ነው። እኛ ዘንድ ሰላምታ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል፤ «እንዴት አደርክ» ያልከው ሰው «አካም ቡልቴ» ብሎ ይመልስልህና ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ሳትጠያየቁ አትላቀቁም። ከመንገድ ማዶ ያለው ደግሞ ባርኔጣውን ነካ ያደርግልሃል፣ ወይም አንገቱን ሰበር። እኔ ፊት ለፊቴ ያለውን እንጂ ከጎን ያለውን ስለማላይ፣ ባርኔጣው ሁሉ በከንቱ ተነካ፣ አንገቱም በከንቱ ተሰበረ። ከተማው ጊዜ ሳይፈጅ ፈረደብኝ፦ ጠገበ። «መጋዘኑን ካሳደሰ ወዲህ አንገቱ አልዞር አለ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። አንገቴ መዞር ነበረበት፤ ሐኪሙም በኋላ ያዘዘኝ እሱኑ ነው።

ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ ባለቤቴ ናት፤ በጠራራ ፀሐይ የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ከገባሁ በኋላ። ሐኪሙ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፎ፣ አንድ ነጥብ ላይ አፍጥጬ በጎን በኩል ብልጭ የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አዘዘኝ። ብዙም አልተጫንኩም። ሲያልቅ እንኳን ደስ አለዎት የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«ግላኮማ ነው» አለኝ። «ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በዝቶ ነርቩን ጎድቶታል፤ የግራው ጨርሶ ጠፍቷል።»

«መቼ ነው የሚድነው?»

«የጠፋው አይመለስም። የምንሠራው የቀረው እንዳይጠፋ ነው።»

«ኪሳራውን ረስተን ዋናውን እናድን ነው የሚሉኝ?»

«በትክክል። ጠብታውን በየቀኑ፣ በሰዓቱ ያድርጉ። ደህና ነኝ ብለው እንዳያቋርጡ፤ ደህና መሆንዎን እርስዎ አያውቁትም። መንገድ ላይ አንገትዎን ግራና ቀኝ እያዞሩ ይሂዱ። እህት ወንድም ካለዎትም ይምጡና ይታዩ፤ በዘር ይሄዳል።»

ባለቤቴ ጸበል ጨመረችበት። ጠዋት ጠብታ፣ ከዚያ ጸበል፤ ዓይኔ በዕድሜው እንደዚያ ክረምት ርሶ አያውቅም። ቄሱ «ጠብታውን እንዳትተው» አሉኝ፣ ሐኪሙ «ጸበሉ ዓይንዎ ውስጥ አይግባ እንጂ ይጠመቁ» አለኝ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ተስማምተው እኔን መሃል ላይ አረሰረሱኝ።

ለገበያው ግን ትንፍሽ እንዳትል ብዬ ባለቤቴን አስጠነቀቅኳት። ዓይኑ እንደጠፋ የታወቀ ገብስ ነጋዴ ዘንድ የአገሩ ሲናር ሁሉ ተጭኖ ይመጣል። እኔም ብሆን አመጣ ነበር። ስለዚህ «ዕውር ከመባል ጠገበ መባል ያዋጣል» ብዬ ወሰንኩ። ሂሳብ ስቼ የማላውቅ ሰው እዚህ ላይ ሳትኩ።

አሁን ባልንጀራዬን ላምጣው። ከሮቤ በኩል ገብስ የሚያስጭን ሙስሊም ነጋዴ ነው። እሱ ከገበሬው ይሰበስባል፣ እኔ አሰላ ላይ አበጥሬ እሸጣለሁ። መጋዘኑም አንድ፣ ባስኩላውም አንድ። ሃያ ዓመት ስንሠራ ወረቀት ተፈራርመን አናውቅም፤ ስንሰዳደብ ግን ያልተሰዳደብንበት ቀን የለም። የፍቅራችን መለኪያ እሱ ነበር።

በዚያው ዓመት ልጁን ዳረ። እኛ ዘንድ ሙስሊም ሲድር ለክርስቲያን እንግዶቹ ድንኳን ለብቻ ይተክላል፣ በሬ ለብቻ ይገዛል፣ የሚያርደውም የሚሠራውም ክርስቲያን ነው። በሬውን አብረን ነው የመረጥነው። በሰርጉ ቀን አዲስ ኮቴን ለብሼ ሄድኩ። ባልንጀራዬ ከአማቾቹ ጋር በሩ ጎን ተሰልፎ እንግዳ ይቀበላል። እኔ ስገባ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ኦቦሌሳ!» አለ አሉ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። በዚያ ሁካታ መሃል አልሰማሁትም። እኔ ያየሁት ቀጥታ ፊት ለፊቴ ያለውን ነው፤ የክርስቲያኑን ድንኳን፣ በድንኳኑ መግቢያም የተሰቀለውን የበሬ ሥጋ። በቀጥታ ሄድኩ። የሙሽራይቱ አባት ሁለት እጅ አማቾቹ ፊት ተዘርግቶ ቀረ።

በልቼ ስጨርስ ይባስ ብዬ «ይሄ ባለሰርግ የት ተደበቀ? አንድ ቀን እንኳን ጋባዥ ቢሆን ጠፋ!» ብዬ ቀለድኩ። ለካ ከግራዬ ቆሞ ኖሯል።

በማግሥቱ መጋዘን መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ ለዓመል እንኳን ሳይሰድበኝ፣ ጆንያዎቹን አስጫነ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አልኩት።

«እኔ ምንም አልሆንኩም። ሥጋውን ያየ ዓይን እኔን ያጣል?»

«ስማኝማ...»

«ባስኩላውን ላንተ ትቼልሃለሁ። ሰው መመዘን ስለጀመርክ ያስፈልግሃል።»

ሄደ። ያ ገብስ ከሌለ እኔ የባዶ መጋዘን ተከራይ ነኝ። የገብሱ ይቅር፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ። ማስታረቂያው ደግሞ አፌ ላይ ነበር፤ «አላየሁህም» ማለት። አላየሁህም ካልኩ ግን በነጋታው ገበያው ያውቃል። ባልንጀራዬን ላትርፍ ወይስ ገበያዬን? ይሄን እያመነታሁ ሳለ ሽማግሌዎቹ ቀደሙኝ።

የመጡት ሦስት ናቸው። የሽምግልናው ሰብሳቢ አንድ ሐጂ ናቸው፤ ሁለተኛው የዕድራችን ዳኛ፤ ሦስተኛው በፊት የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ሽምግልናን እንደ ሥራ የያዙ ሰው። መጋዘኑ ፊት ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ባልንጀራዬ ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ።

«ልጄ» አሉኝ ሐጂ። «ይሄ ሰው ምን አደረገህ? ቅያሜህን ተናገርና እንገላገል።»

«ምንም አላደረገኝም።»

«ያለ ቅያሜ ነው እንግዲህ የናቀው» አሉ ሹፌሩ። «ይሄ ይብሳል።»

ባልንጀራዬን አየሁት። እሱን ለማየት አንገቴን እስከ ትከሻዬ ማዞር ነበረብኝ። ፊቱ ከስቷል። ገበያው ገደል ይግባ ብዬ ተናገርኩ።

«አላየሁትም። ዓይኔ ታሟል። ጎን ለጎን ያለውን አላይም።»

ሹፌሩ ሳቁ፣ ዳኛውም ተከተሉ። ሐጂ አልሳቁም፤ ተነሥተው ከተቀደደ ጆንያ እፍኝ ገብስ ዘግነው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ።

«ሲናር አለበት?»

ይሄኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። የነጋዴ ደም ሆነና መዳፌን ፊት ለፊቴ አምጥቼ፣ ቀኝ ዓይኔን አጥብቤ፣ አንዷን ሲናር በሁለት ጣቴ ነቅሼ አወጣሁ። «አንዲት» አልኩ። እንዲያውም «ይሄ የቆላ ገብስ ነው» ብዬ ጨመርኩበት።

«እንግዲህ!» አሉ ሐጂ። «የሲናር ፍሬ የሚያይ ዓይን ያንን የሚያህል ሰው አጣ?»

ባልንጀራዬ ገዘፍ ያለ ሰው ነው። ክርክሩ እዚያው ተዘጋ። አስታራቂ ፊት በመቀለዴ ጭምር አንድ ሙክት በግ ተፈረደብኝ። በጉን ገዛሁ፣ ወደ ባልንጀራዬ ቤት ነዳሁ። እዚያ ደግሞ የታረደው በእነሱ ሥርዓት ነው። ክርስቲያን ነኝና ከሥጋው አልቀምስም። ላላጠፋሁት ጥፋት የከፈልኩት በግ ፊቴ ላይ ሲበላ እኔ ዳቦ በሻይ እየቆረጥኩ ታረቅሁ። ሹፌሩ ጉልጥምቱን እየጋጡ «ዕርቅ እንዲህ ነው!» ይሉኝ ነበር።

በሳምንቱ ገበያ መሃል ባልንጀራዬን በድጋሚ ሳላየው አለፍኩት።

ሽማግሌዎቹ በዚህ አበዱ። ዕርቅ ፈረሰ ማለት እነሱ ተደፈሩ ማለት ነው። ሐጂ «በመጪው ወር የመጀመሪያ ገበያ ቀን እንቀመጣለን፣ ያን ቀን የምንፈርደው በግ አይሆንም» ብለው ላኩብኝ። በሬ ማለታቸው ይሁን መገለል አልነገሩኝም። ባልንጀራዬም «ለመጨረሻ ጊዜ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ አላውቀውም» አለ አሉ።

መምህርቷ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የምታስተምር፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የማታይ ሴት ናት። ለቆሎ የሚሆን ገብስ ልትገዛ ነጭ በትሯን እየሰደደች መጋዘን ገባች። እኔ ወደ እሷ ስሄድ ባስኩላውን በቅልጥሜ መታሁት፣ ዞር ስል ደግሞ በሩን በግንባሬ።

«እርስዎም?» አለችኝ።

«እኔም ምን?»

«የሚያይ ሰው አንዴ ይጋጫል እንጂ አከታትሎ አይጋጭም። ደግሞ በሩን ለምንድነው ገርበብ አድርገው የሚተዉት? ወይ ይዝጉት፣ ወይ እስከ ግድግዳው ይክፈቱት። ገርበብ ያለ በር የእኛ ጠላት ነው።»

«የእኛ» ያለችው ከበሩ ይበልጥ አመመኝ። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛዬም አስተማሪዬም ሆነች። ጉርሻ የሌለበት፣ ስድብ ያልጎደለበት ትምህርት ነበር። ብሩን በየዓይነቱ አጥፎ መያዝ አስተማረችኝ፦ ሁለት መቶውን አራት ቦታ፣ መቶውን ሁለት ቦታ፣ አምሳውን በረጅሙ፣ አሥሩን ሳይታጠፍ። ስልኬን የሚናገር አደረገችልኝ። ስልኩ በመጀመሪያው ቀን ከባንክ የመጣውን መልእክት በገበያ መሃል ከነቀሪው ሲያነበንበው ሁለት ዘመዶቼ ብድር ጠየቁኝ፤ ከዚያ በኋላ ማዳመጫ ገዛሁ። «ሰው መንገድ ሲያሳይዎት እጅዎን ይዞ እንዲጎትትዎት አይፍቀዱ፤ ክርኑን እርስዎ ይያዙና ግማሽ እርምጃ ከኋላው ይሂዱ። የሚጎተት በግ ነው» አለችኝ። በግ ስትል ውስጤ ተነካ።

በትር ላይ ግን ተጣላን። የራሷን አሮጌ ነጭ በትር ልትሰጠኝ ስትል እንቢ አልኩ።

«ያንን ይዤ ገበያ ከወጣሁ አበቃልኝ።»

«ጠገበ መባል ይሻልዎታል?»

«ጠገበ ያሉት ነጋዴ ቢያንስ አይታለልም።»

«እስካሁን ስንት አተረፉበት?» አለችኝ። ዋጋ ቀነስኩላት።

ከዚያ የራሴን ብልሃት አመጣሁ። ነጭ በትር መሆኑ እንዳይታወቅ አናጺ ዘንድ ሄጄ ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ የተላጠች ዱላ አስጠረብኩ። ሥራዋ አማረ። በማግሥቱ ከመጋዘኑ ጓሮ ባለው መንገድ ላይ መሬቱን እየነካካሁ ስለማመድ፣ ከገበያ የሚመለሱ የአርሲ ሴቶች ደረሱብኝ። መጀመሪያ የሰማሁት እልልታ ነው።

«ወንድ ሲንቄ ይዞ አየን!»

«ማን ዳረህ? እናትህ ናት የሰጠችህ?»

«ባልሽስ ደህና ነው ወይ?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት በትር ናት፤ ቀጥ ያለች፣ ቀጭን፣ የተላጠች። ያገባች ሴት ክብሯ ናት፤ ሲንቄ ይዛ መሃል የገባች ሴት ያለችበት ጠብ ይቆማል፣ ወንድ ሲንቄዋን አይሻገርም። ሃምሳ ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ ተወልጄ አድጌ፣ ዕውርነቴን ልደብቅ ብዬ ራሴን ሙሽራ አደረግኩ። ማታውኑ ወሬው እህል ተራ ደረሰ። ጠገበ የሚለው ላይ አበደ ተጨመረበት።

መምህርቷ ስትሰማ እስክትታመም ሳቀች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ስትጨርስ ግን የሚረባ ነገር ተናገረች።

«በጆሯቸው አላመኑዎትም አይደል? በዓይናቸው ያሳዩዋቸው።»

የገበያው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጋዘኑ ፊት ተቀመጡ። ባልንጀራዬ መጣ፤ እናቱም አብረውት መጡ። አሮጊት ናቸው፣ እውነተኛውን ሲንቄ እንደያዙ በሩ ጎን ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ገበያተኛው ነገር ሸቶት ከቧል። እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የጠቀለልኩት ጠባብ ቱቦ፣ በክር የሚታሰር፣ ግራ ዓይንን የሚደፍን፣ ለቀኝ ዓይን ብቻ ክፍት የሆነ።

«ሐጂ፣ ከመፍረድዎ በፊት ይሄን ዓይንዎ ላይ ይሰሩት።»

«አሁንም ትቀልዳለህ?»

«ከቀለድኩ በበሬ ይፍረዱብኝ። ይሰሩት ብቻ።»

ሐጂ ፍትሐዊ ሰው ናቸው፤ አሰሩት። መዳፋቸው ላይ ገብስ አፈሰስኩላቸው። «ሲናር አለበት?»

ጎንበስ ብለው አዩ። «አለ! ይቻትና!» ደስ አላቸው። «እንዲያውም ከወትሮው ጥርት ብሎ ይታየኛል።»

«እንግዲህ ይነሡና እዚህ ያለውን ሰው ሰላም ይበሉ።»

ተነሡ። የመጀመሪያው ባስኩላው ነበር፤ በጉልበታቸው መቱት። «ማነው እዚህ ያስቀመጠው!» አሉ። «ሃያ ዓመቱ ነው፣ ሐጂ» አልኩ። የዕድሩን ዳኛ እጅ አልፈው የመጋዘኑን ምሰሶ «አካም ቡልቴ» አሉት። ምሰሶው አልመለሰም። ሹፌሩ «እዚህ ነኝ! እዚህ!» እያሉ ከጎናቸው ሲጠሯቸው ሐጂ ዞረው ዞረው አጧቸው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ሐጂ ቱቦውን ፈትተው ለባልንጀራዬ ሰጡት። እሱ ሊቀበል አልፈለገም፤ «የወረቀት ጨዋታ» አለ። እናቱ «እሰረው» አሉት። አሰረው።

ከመሃል ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ጎን እናቱ ተነሥተው ቆመዋል። ሁለት እጃቸውን ዘርግተውለታል። እሱ አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ፊት ለፊት ያለውን የመጋዘኑን ጨለማ እያየ፣ አጠገባቸው አለፈ። የወለዱት እናቱ እጅ ተዘርግቶ ቀረ።

ሳቁ ቆመ። አሮጊቷ እጃቸውን ሳያጥፉ «አንተ!» አሉ። «እኔን አልፈህ የት ነው?»

ባልንጀራዬ ቆመ። ድምፁን ተከትሎ ዞረ፣ ቱቦው ውስጥ የእናቱን እጆች ሲያገኛቸው አየሁ። ቱቦውን አወረደው። ረጅም ጊዜ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ፊት ለፊቴ፣ በማየው ቦታ ቆመ።

«በሰርጉ ቀን...»

«አላየሁትም። እጅህን አላየሁትም።»

«ሥጋውን ግን አየህ።»

«ሥጋው ፊት ለፊቴ ነበር። አንተ ጎን ቆመሃል። ሁለተኛ ልጅህን ስትድር ከሥጋው ስር ቁም።»

ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ ውሻ? ለእኔ እንኳን?»

ይሄን ስድብ አንድ ክረምት ሙሉ ጠብቄው ነበር። ልመልስለት ስል እናቱ ሲንቄያቸውን መሃላችን ላይ አሳረፉት። «በቃ» አሉ። ሐጂ እንኳን አፋቸውን ዘጉ። አሮጊቷ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ደግሞ ያቺን ቀጭን ዱላህን ለባለቤትህ ስጥ። ዕውር ከሆንክ የዕውር በትር ያዝ» አሉኝ። ያንን ያህል ጥርት ያለ ምክር ከሐኪሙ ቀጥሎ የሰማሁት ከሳቸው ነው። መምህርቷ ዘንድ ሄጄ አሮጌውን ነጭ በትር ወሰድኩ።

የፈራሁት ደግሞ ደረሰ። ገበያው አወቀ። በሳምንቱ አንድ የአርቦዬ ገበሬ ከላይ ወርቅ የመሰለ ገብስ፣ ከስሩ ግን ሲናር የሞላው ጆንያ አመጣልኝ። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከስሩ ዘገንኩ፤ ሲናር ጠጉር አለው፣ ገብስ የለውም፣ ጣት ያውቀዋል። «ውሰድ» አልኩት። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አያምርም። አምሳ ብር እንደ መቶ አድርገው አጥፈው የሰጡኝ አሉ፤ ሰላምታ እየሰጡኝ ኪሎ የሰረቁኝም አሉ። ዓይን ሲጠፋ ሌላው ሕዋስ እጥፍ ይሆናል የሚለውን ወሬ አትመኑ። ሌላው ሕዋስ ያው ነው፤ ሥራ ነው የሚበዛበት።

ታናሽ እህቴን ጎትቼ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። እሷም ላይ ጀምሮ ተገኘ፤ ገና በመጀመሪያው ነው። ጠብታ ላይ ናት። «የቤተሰብ ርስት አካፈልከኝ» ብላ ሰደበችኝ።

ባልንጀራዬ ገብሱን መለሰ። ገበያ ስንወጣ ክርኑን እይዛለሁ፣ እሱ በሹክሹክታ ያነብልኛል፦ «ከቀኝ የዕድሩ ዳኛ፣ ሰላም በል። ከግራ ባለ ሆቴሏ፣ ኮፍያህን ንካ።» አንገቴን ወዳለው አቅጣጫ አዞራለሁ፣ ሰላም እላለሁ። ከተማው «ትዕቢቱ ለቀቀው» ይላል። ሰዎች አሁን ሲመጡ ስማቸውን ቀድመው ይናገራሉ፤ «እኔ ማን ነኝ?» እያሉ ድምፅ የሚያስለዩኝን ግን «አንተም ካላወቅክ ማን ይንገርህ» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ባልንጀራዬ ደግሞ ሃይማኖቱ አያስቆመው፣ ዕድሜው አያስቆመው፤ ባለፈው ገበያ ቀን «ከግራህ ሐጂ፣ ጎንበስ ብለህ» ብሎ አህያ አሳልሞኛል። እውነተኛው ሐጂ ከኋላ ሆነው ሲስቁ ሰማኋቸው።

የመጀመሪያው ፍርድ ስህተት ስለነበር በጌ ይመለስልኝ ብዬ ሽማግሌዎቹን ጠይቄአለሁ። ሹፌሩ «በላነው» አሉኝ። ሐጂ «ጣፋጭ ነበር» አሉ።

ቀሪ ሂሳብ፦ ግራ ዓይን የለም። ቀኝ ዓይን መሃሉ አለ። ባልንጀራዬ አለ። በጉ አልተመለሰም።